ለብርቱካን መላጫ የጦር ሜዳ ምክር፦ የምላሽ ጽሑፍ

ስለ ኪስ ሰንጢ አመራረጥ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። አጻጻፉ ይጥማል፤ ሰውየው ቢላ እንደሚወድ ከየመስመሩ ያስታውቃል። ችግሩ ምክሩን አምኖ የተከተለ ሰው ከባድ፣ ውድ፣ ብዙ ቦታ ደግሞ የሚያስቀጣ ዕቃ ኪሱ ከትቶ መዞሩ ነው። ያውም ብርቱካን ሊልጥበት።

ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል። ስለቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሰንጢ አትግዙ። የማይቆለፍ፣ ማለትም ሲከፈት ስለቱ እንዳይታጠፍ የሚይዝ መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ የልጅ መጫወቻ ነው፤ በአንድ እጅ ብልጭ ብሎ የማይከፈትም እንደዚያው። ብረቱ በተቻለ መጠን ጠንካራ ይሁን፤ የማይዝግ የሚል ከተጻፈበት ስለ ዝገት እርሱት። አፉ እስከ ግማሽ ጥርስ ቢኖረው ይመረጣል። ወታደር የሚይዘውን ዓይነት ያዙ፤ ገጠር ስትወጡ እንጨት ትፈልጡበታላችሁ፣ አውሬ ቢመጣ ትከላከሉበታላችሁ፣ ከተማ ውስጥም ራሳችሁን ታስከብሩበታላችሁ። ሱቅ ውስጥ በግልጽ የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ ሕግ አያሳስባችሁ። እጀታው የማያዳልጥ ይሁን፣ ንጽሕናው ይጠበቅ የሚሉ ሁለት ምክሮችም አሉት፤ በእነሱ አልጣላም።

የምከራከረው ቢላ ጠል ሆኜ አይደለም። እኔም ከኪሴ ሰንጢ አይጠፋም። ካርቶን እከፍትበታለሁ፣ ሲባጎ እቆርጥበታለሁ፣ ፍራፍሬ እልጥበታለሁ፣ ወጣ ስንል ዳቦና አይብ እቆራርስበታለሁ። የብዙ ሰው ሥራም ከዚህ አያልፍም። ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰንጢ ደግሞ የሚመረጠው ከምትውልበት ቦታና ከምትቆርጠው ነገር ተነስቶ ነው። ጽሑፉ ነገሩን ገልብጦ ከብረቱና ከመጠኑ ነው የጀመረው።

በመጨረሻው ነጥቡ ልጀምር፣ ሰው የሚያሳስረው እሱ ስለሆነ። ሱቅ ከሸጠው መያዝም ይቻላል ይላል። አይቻልም። መግዛት ሌላ ነው፣ ቤት ማስቀመጥ ሌላ ነው፣ ኪስ ከትቶ መንገድ መውጣት ሌላ ነው። ብዙ አገር ሕጉ የሚይዝህ ሦስተኛው ላይ ነው።

እኔ የምኖርበትን ጀርመንን ውሰዱ። ከ2008 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የጦር መሣሪያ ሕጉ አንቀጽ 42ሀ በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚቆለፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መውጣትን ይከለክላል። ስለቱ 5 ሴንቲ ሜትር ሆነ 10፣ ለውጥ የለውም። ቅጣቱ እስከ 10,000 ዩሮ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ጽሑፉ ያለነሱ አትግዙ ያላቸው ሁለቱ ነገሮች፣ መቆለፉና በአንድ እጅ መከፈቱ፣ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ዕቃው ክልክል የሚሆነው። ሱቁ ግን ያንኑ ሰንጢ መስታወት ውስጥ ደርድሮ በደስታ ይሸጥልሃል። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ሕጉ ጠበቀ። በሕዝብ በዓላትና በረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ ትንሿም ብትሆን ቢላ እጅ በሚደርስበት ቦታ መያዝ ቀረ። ስለዚህ እኔ በባቡር ስሄድ የኔዋን ወይ ቤት እተዋታለሁ፣ ወይ ዕቃ ውስጥ ዘግቼ ሻንጣ ሥር እከታታለሁ።

ለንደን ያላችሁ ደግሞ የባሰ ነው። የ1988ቱ የወንጀል ፍትሕ ሕግ አንቀጽ 139 ያለ ምክንያት መያዝ የሚፈቅደው አፉ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ታጣፊ ሰንጢን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሚቆለፍ ሰንጢ በዚያ ሕግ ዓይን ታጣፊ ሰንጢ አይደለም፤ ፍርድ ቤት በ1993 እንደዚያ ብሎ ወስኗል። ስለዚህ የሚቆለፍ ከሆነ በጣም አጭር ብትሆን እንኳ በቂ ምክንያት አቅርብ ትባላለህ። ምናልባት ቢያስፈልገኝ ብዬ ነው ማለት ምክንያት አይሆንም። ጣሪያው 4 ዓመት እስር ነው። የጽሑፉ የልጅ መጫወቻ፣ ያቺ የማትቆለፈዋ፣ እዚያ አገር ጭንቅላትህን ቀና አድርገህ ይዘሃት የምትሄደው ብቸኛዋ ናት።

የእስራኤልም ሕግ ተመሳሳይ መንፈስ አለው። ስለቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥና ተቆልፎ እንደ ቋሚ ቢላ የማይሆን ታጣፊ ሰንጢን ከቢላ ክልከላው ያወጣዋል። ከዚያ ውጪ ያለውን ከቤትህ ውጪ ይዘህ ከተገኘህ ለተገቢ ሥራ እንደሆነ ማስረዳት ያንተ ዕዳ ነው። አሜሪካ እንደየስቴቱ ይለያያል፣ አንዳንዴም እንደየከተማው፤ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁ ግን አንድ ቁጥር ያዙልኝ። የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ውስጥ ክልክል የማይሆነው ስለቱ ከ2.5 ኢንች፣ ማለትም ከ6.35 ሴንቲ ሜትር ያነሰ የኪስ ሰንጢ ነው። በእረፍት ሰዓት ብርቱካን ልጬ በዚያው ጉዳይ ላስፈጽም ያለ ሰው የ10 ሴንቲ ሜትር ስለት ይዞ በር ላይ ሲደርስ ምን እንደሚጠብቀው ገምቱ።

አዲስ አበባ ደግሞ ነገሩ የሚወሰነው በር ላይ ነው። ሆቴል፣ ባንክ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ትልልቅ ሕንፃዎች፣ ሁሉም ፍተሻ አላቸው። መስቀልና ኢሬቻ ሲደርስ ፖሊስ ስለታማ ነገር ይዛችሁ አትምጡ ብሎ አስቀድሞ ያስነግራል። እዚያ በር ላይ ቁመናው ከስለቱ ርዝመት በላይ ይናገራል። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አንድ ሆቴል ስንገባ ያየሁት ይኸው ነው። ጥበቃው የኔዋን ትንሿን ቀይ ሰንጢ ገለጥ አድርጎ አያትና ስትወጣ ትወስዳታለህ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተታት። የጓደኛዬን ጥቁር፣ ጥርሳም፣ ግዙፍ ሰንጢ ሲያይ ግን አለቃውን ጠራ። አለቃው መጥቶ መታወቂያ ጠየቀ። ከየት መጣህ፣ ለምን ያዝከው፣ ማንን ልታገኝ ነው፣ እየተባለ ቡናችን ቀዘቀዘ። ልጁ ደግሞ ዶሮ እንኳን ያዥ ሳይጠራ የሚያርድ ዓይነት ሰው አይደለም።

ሕጉን ካለፍን መጠኑ ላይ እንምጣ። ከ10 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ለምን? ጽሑፉ ምክንያት አልሰጠም፣ ትልቅ ይሻላል ብሎ ነው ያለፈው። ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ሸንኮራ፣ የዳቦ ቅርፊት፣ ገመድ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ይህ ሁሉ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ባለው ስለት ያልቃል። ትንሽ ስለት እንዲያውም ለመላጥ ይመቻል፤ ጫፉ ከአውራ ጣትህ ብዙም ስለማይርቅ የት እንዳለ ታውቃለህ። ክብደቱም አለ። ኦፒኔል የሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ ቁጥር 8ቱ ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጠቅላላ ክብደቱ ከ50 ግራም አይደርስም፤ እጀታው የእንጨት ነዋ። ጽሑፉ የሚያሞካሸው ዓይነት ሙሉ የብረት እጀታ ያለው ሰንጢ የዚህን ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ሱሪ ያጎብጣል፣ ስትቀመጥ ጭንህን ይወጋል፣ ከሳምንት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። መሳቢያ ውስጥ ያለ ሰንጢ ምንም አይቆርጥም።

ትልቅ ስለት የሚጠቅምበት ጊዜ የለም አልልም። ሐብሐብ አለ፣ ድፎ ዳቦ አለ፣ ለብዙ ሰው የሚቆራረጥ ሥጋ አለ። ለዚያ ግን መፍትሔው የኪስ ሰንጢን ማስረዘም አይደለም፤ የወጥ ቤቱን ቢላ በአፎቱ ጠቅልሎ ከምሳው ጋር ቅርጫት ውስጥ መክተት ነው። ቁርጥ ቤት ከሆነም ቢላውን እነሱ ያቀርቡልሃል፣ ያንተን የጠየቀህ የለም።

አሁን መቆለፉ። የማይቆለፍ ሰንጢ መጫወቻ ነው የሚለው አባባል ሰንጢ እንዴት እንደሚሠራ ካለማየት የመጣ ይመስለኛል። የማይቆለፈው ሰንጢ ጀርባው ላይ ጠንካራ ሞላ አለው። ሞላው የስለቱን ቂጥ ተጭኖ ክፍት ያደርገዋል፤ ለመዝጋት ከሞላው ጋር መታገል አለብህ። ስትቆርጥ ደግሞ ኃይሉ የሚያርፈው በአፉ በኩል ስለሆነ ስለቱን ወደ መከፈት ነው የሚገፋው እንጂ ወደ መዘጋት አይደለም። ጣትህ ላይ የሚታጠፈው መቼ ነው? በጫፉ ስትወጋ፣ ወይም ጀርባውን ስትደበድብ። ሁለቱም የኪስ ሰንጢ ሥራ አይደሉም።

መቆለፊያውን ግን አልጠላም፣ እንዳይመስላችሁ። እጅ ሲበርድና ሲረጥብ፣ እንጨት ስትቀርጽ፣ ጥሩ ነገር ነው። የፈረንሳዩን ኦፒኔል የምወደው አንዱም ለዚህ ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል ሳቮይ በሚባለው ተራራማ አገር በ1890 የጀመረው ሰንጢ ነው፤ ለገበሬና ለእረኛ ነበር የተሠራው። በ1955 ማጠፊያው ላይ የሚዞር ቀለበት ተጨመረበት፤ ከፍተህ ቀለበቱን ዞር ታደርጋለህ፣ አለቀ። በሁለት እጅ የሚከፈት ስለሆነ የጀርመኑ የአንድ እጅ ክልከላ አይነካውም። ለንደን ግን ይቆለፋል ተብሎ ያስጠይቅሃል። የቦታው ነገር ነው ያልኩት ይኼን ነው።

ሲቆለፍ ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ ነው ብሎ ማመንም አደጋ አለው። ብዙዎቹ የሚቆለፉ ሰንጢዎች ውስጥ ቀጭን የብረት ሳህን ተንሸራታ ከስለቱ ቂጥ ሥር ትገባለች። የኪስ ብናኝ፣ የጨርቅ ክር፣ የደረቀ የፍራፍሬ ጭማቂ እዚያ ውስጥ ሲጠራቀም ሳህኗ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀራለች። የተቆለፈ ይመስላል፣ አልተቆለፈም። የማይቆለፍ ሰንጢ የያዘ ሰው ቢያንስ ሊታጠፍ እንደሚችል ስለሚያውቅ ጣቱን ይጠብቃል።

በአንድ እጅ መከፈቱ? መሰላል ላይ የሚሠራ ሰው፣ ጀልባ ላይ ገመድ የያዘ ሰው፣ በግ በአንድ እጁ የያዘ ሰው ያስፈልገዋል። ሌላው ሁለት እጅ አለው። ካፌ ውስጥ ቀጭ አድርገህ ስትከፍት ጎንህ ያለው ሰው ወንበሩን ይስባል፤ በጥፍር ቀስ ብለህ ስታወጣው ማንም ዞር ብሎ አያይህም።

ብረቱ ላይ ሰፋ ላድርገው፣ ምክንያቱም ጽሑፉ በጣም የተሳሳተው እዚህ ነው፣ ሰውም ብሩን የሚያባክነው እዚሁ ነው። ጠንካራ ብረት ስለቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል፣ ይህ እውነት ነው። ጥንካሬው ሮክዌል በሚባለው መለኪያ ይለካል። ቪክቶሪኖክስ የሚባለው የስዊስ ሰንጢ ብረት ወደ 56 ገደማ ነው። ውድ ሰንጢዎች ላይ የሚገኘው ኤስ 30 ቪ የተባለው ብረት 60 አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ይመስላል፣ በእጅ ግን ትልቅ ነው። ግን ጥንካሬ በነጻ አይመጣም። ጠንካራው ብረት አጥንት ወይም የካርቶን ሽቦ ሲነካ መጣመሙን ትቶ ይሸረፋል። የተጣመመ አፍ በሞረድ ሁለቴ ሦስቴ ሲነካ ይመለሳል፤ የተሸረፈ አፍ ግን ሽርፉ እስኪጠፋ ድረስ ብረቱ መበላት አለበት።

መሳሉም ሌላ ጣጣ ነው። ኤስ 30 ቪ ውስጥ 4 በመቶ ቫናዲየም አለ። ቫናዲየሙ ከካርቦኑ ጋር ተዋህዶ የሚፈጥራቸው ቅንጣቶች ከተራው የመሳያ ድንጋይ ይጠነክራሉ። ስለዚህ ድንጋዩን ስታሽበት ትውላለህ፣ የሚሳለው ድንጋዩ ነው። የአልማዝ ብናኝ ያለው መሳያ ያስፈልግሃል። ያ ከሌለህ አንዴ ከዶለዶመ በኋላ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ሰንጢ በተራ ሞረድ አምስት ደቂቃ ከተሳለ ርካሽ ሰንጢ ያነሰ ይቆርጣል። በዓል ሲደርስ በየሰፈሩ የሚስሉት ልጆች ጋ ልውሰደው ብትልም እሺ፣ ግን በሞተር የሚሽከረከረው ድንጋይ ቀጭን ስለትን ያግለዋል። አፉ ሰማያዊ ከሆነ ብረቱ ጥንካሬውን ጥሏል ማለት ነው፣ አይመለስም። ለትልቅ ካራ ችግር የለውም፣ ለኪስ ሰንጢ ግን በውሃ የረጠበ ድንጋይ፣ በእጅ፣ በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አጋድሞ ነው።

ከብረቱ ዓይነት በላይ የሚያስቆርጠው ደግሞ ቅጥነቱ ነው። ጽሑፉ ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የኦፒኔል ጀርባ 2 ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ወደ አፉ ሲወርድም እየሳሳ ነው የሚሄደው። ጦረኛ መሳይ ሰንጢዎች ጀርባቸው 3 እና 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱንም እኩል ስላቸውና ፖም ቁረጡበት። ቀጭኑ ገብቶ ይወጣል። ወፍራሙ እስከ መሃል ይገባና ፖሙን እንደ ሽብልቅ ከፍሎ ያፈነዳዋል። ብረቱ የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ ወፍራም ስለት ወፍራም ስለት ነው።

የማይዝግ ከተባለ አይዝግም የሚለውም ልክ አይደለም። የማይዝግ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለው ብረት ነው። ክሮሚየሙ ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ቀጭን ሽፋን ይሠራል፣ ዝገቱን የሚከላከለው ሽፋኑ ነው። ጨውና ሎሚ ግን ሽፋኑን ይበሱታል። ሥጋ በሎሚ ቆርጠህ ሳታጥብ አጥፈህ ብታሳድረው ጠዋት ጥቃቅን ነጠብጣብ ታያለህ። ዲ 2 የሚባለው፣ አሁን በየርካሹ ሰንጢ ላይ የሚጻፈው ብረት፣ 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው፤ ነገር ግን 1.5 በመቶ የሚሆን ካርቦንም ስላለው ክሮሚየሙ ብዙው ከካርቦኑ ጋር ታስሮ ይቀራል፣ ለሽፋን የሚተርፈው ትንሽ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው እዚህ ይሸወዳል።

ክሮሚየም የሌለው ተራ የካርቦን ብረትም አለ፤ ኦፒኔል በሁለቱም ዓይነት ይሠራል። የካርቦኑ ለመሳል ግሩም ነው፣ ብርቱካን ሲነካው ግን ይጠቁራል። ጥቁረቱ አይጎዳውም፣ ቀይ ዝገት ሲመጣ ነው የሚያሳስበው። ሥራ የማይሰለቸው ሰው ይውሰደው፣ ዕቃውን ሳያጥብ የሚከት ሰው የማይዝገውን ይግዛ።

ዘይት ሲባል ደግሞ እጃችን ላይ የተገኘውን የኑግ ዘይት ማጠፊያው ውስጥ ማንጠብጠብ ይቀናናል። ተዉት። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየወፈረ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ማጠፊያውን ይይዘዋል። ከፋርማሲ የሚገዛ ንጹሕ የፓራፊን ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃል፣ ምግብም አያበላሽም። የሚደርቅ ዘይት የሚጠቅመው ለእንጨቱ ነው። የኦፒኔል የእንጨት እጀታ ዝናብ ሲነካው ያብጥና ስለቱን አላስወጣ ይላል፤ የተልባ ዘይት ጠጥቶ ከደረቀ ያ ይቀንሳል። ያበጠ ጊዜ ደግሞ ሳቮዮች የሚያደርጉት አለ። የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ ጠበቅ አድርገህ ትመታዋለህ፣ ስለቱ ራሱ ብቅ ይላል።

ጥርሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ወፍራም ገመድ ለመቁረጥ ጥሩ ነው። ለፍራፍሬ መጥፎ፣ ለመሳል ደግሞ ራስ ምታት፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጥርሶቹ መሃል አይገባም። ግማሽ ጥርስ ያለው ሰንጢ ላይ የሚጠፋው ግማሽ ደግሞ ወደ እጀታው የቀረበው፣ ጉልበት የሚያገኘው፣ ለመላጥ የምትፈልገው ክፍል ነው።

እንጨት ትፈልጡበታላችሁ የተባለውን ያነበበ ሰው እባካችሁ አይሞክረው። የታጣፊ ሰንጢ ስለት የሚዞረው ከእርሳስ በቀጠነች አንዲት ዘንግ ላይ ነው። ጀርባውን በግንድ ስትደበድበው ምቱን በሙሉ የምትቀበለው እሷ ናት፤ ወይ ትላላለች ወይ ትሰበራለች። ከላላች ሰንጢው ከዚያ በኋላ እየተንገጫገጨ ነው የሚኖረው። እንጨት ለመፍለጥ መጥረቢያ አለ። ሻይ ለማፍላት ከሆነ በእጅ የሚሰበር ጭራሮ ይበቃል፣ ሰንጢው የሚገባው ጭራሮውን ፋቅ ፋቅ አድርጎ ለማቀጣጠያ ስስ ልጥ ለማውጣት ነው። ያን ደግሞ ትንሹም ያደርገዋል።

አውሬ የተባለው አሳቀኝ። ሰሜን ተራሮች ስትሄድ መሣሪያ የያዘ የፓርኩ ስካውት አብሮህ ይሄዳል፣ ደንቡ ነው። እዚያ በብዛት የምታገኘው ጭላዳ ነው፣ ጭላዳ ደግሞ ሣር ነጭቶ አዳሪ ነው። ጅብ ቢመጣስ? ጅብ ሰንጢህ ወደሚደርስበት ርቀት ከመጣ የስለቱ ርዝመት ላይ የምንወያይበት ጊዜ አልፏል።

ራስን ማስከበር የሚለው ግን አያስቅም። እዚህ ላይ ወንድሜን በቀጥታ ልንገረው። ቡጢ የገጠሙ ሁለት ሰዎች አብጠው ይለያያሉ። አንዱ ኪስ ውስጥ ሰንጢ ካለ አንዱ መቃብር፣ አንዱ እስር ቤት ነው የሚያድረው፣ የትኛው የት እንደሚገባም አስቀድሞ አይታወቅም። ፈርቶና ተንቀጥቅጦ ሰንጢ የሚመዝ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው የራሱን ጣት ነው፤ ላብ ያዳልጣል፣ እጅ ከእጀታው ወደ ስለቱ ይንሸራተታል። በሕግ በኩልም በእንግሊዝ የ1953ቱ ሕግ መሠረት ሰው ለመጉዳት ታስቦ የተያዘ ማንኛውም ዕቃ የጦር መሣሪያ ነው። ራሴን ልከላከልበት ብዬ ነው ብለህ ለፖሊስ ስትነግረው ምክንያት ያቀረብክ ይመስልሃል፣ ለካ ክሱን ራስህ እያስሞላኸው ነው። አንድ ወጣት ጽሑፉን አንብቦ ያቺን ምክር ብቻ ይዞ ቢወጣስ? ጸሐፊው ያችን አንቀጽ ቢያወጣት ደስ ይለኛል።

የወታደሩ ነገር ቀረ። ወታደር የሚይዘውን ያዙ ብሏል። እንግዲህ በዓለም ስሙ የገነነው የወታደር ሰንጢ የስዊስ ነው፣ ታሪኩም ለጸሐፊው አይመችም። የስዊስ ጦር በ1890 አካባቢ ሰንጢ የፈለገው ለውጊያ አልነበረም። አዲሱን ጠመንጃ ፈትቶ ለመግጠም ካቻቢቴ፣ የታሸገ ምግብ ለመክፈት የቆርቆሮ መክፈቻ ነው የፈለገው። ስለት፣ መብሻ፣ መክፈቻና ካቻቢቴ ነበረው፣ በቃ። የመጀመሪያዎቹን እንኳን ስዊስ ውስጥ በዚያ ብዛት የሚሠራ ስላልነበረ ጀርመን ዞሊንገን ነበር ያሠሩት። በ1884 ኢባክ በምትባል መንደር የቢላ መሥሪያ የከፈተው ካርል ኤልዜነር በ1891 ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ፣ በ1897 ደግሞ ቀለል ያለውን የመኮንን ሰንጢ አወጣ። ዛሬ ቪክቶሪኖክስ የምንለው ይኸው ነው። ኋላ ላይ ጦሩ ወደሚቆለፍና በአንድ እጅ ወደሚከፈት ትልቅ ሰንጢ ዞሯል፣ ይህን አልደብቅም። ያን የዛሬውን የስዊስ ወታደር ሰንጢ ግን ሲቪል ሆነህ ጀርመን ይዘህ ብትወጣ የምትገባው አንቀጽ 42ሀ ውስጥ ነው።

ታዲያ ምን እንግዛ ለምትሉ፣ ከተማ ለሚውል ሰው ሲታጠፍ 58 ሚሊ ሜትር የሆነችው የቪክቶሪኖክስ ትንሿ ሰንጢ ከነመቀሷ ለዕለት ሥራ ትበቃለች፤ የቁልፍ መያዣ ላይ ትንጠለጠላለች። ወጣ ወጣ ለሚል ደግሞ 84 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ የአሉሚኒየም እጀታ ያለው ካዴት የሚባለው አለ፤ ቀጭን ነው፣ አይቆለፍም። ቅዳሜና እሑድ እንጦጦ ወይም ወንጪ ምሳ ቋጥሮ ለሚሄድ ኦፒኔል ቁጥር 7 ወይም 8፤ አውሮፓ ውስጥ ከ15 ዩሮ ብዙም አይርቅም።

ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ ከፍታችሁ እዩት። ስለቱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ግራ ቀኝ ነቅንቁት፣ ከተንገጫገጨ ተዉት። አጥፋችሁ ከላይ ስታዩት ስለቱ መሃል ላይ መተኛት አለበት፣ ጎኑን ከነካ አፉ ይበላሻል። ሞላው ሲዘጋ ጠብ ብሎ የሚመታ ድምፅ ይስጥ። የስዊሱ ሰንጢ ተመሳስሎ የሚሠራ ብዙ ስላለ ስለቱ ሥር የተቀረጸውን ስም አንብቡ፣ ሞላዎቹ መሃል ብርሃን ካሳየ ደግሞ አስመሳይ እንዳይሆን ጠርጥሩ።

ከውጭ ለዘመድ ስጦታ ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ከእጅ ሻንጣ አውጥታችሁ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። የአሜሪካ የአየር መንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2013 መጋቢት ላይ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያለውን ልፈቅድ ነው ብሎ አስታውቆ፣ የበረራ አስተናጋጆች ተቃውመው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሐሳቡን ሰርዟል። አንዳንድ ሰው ዛሬም ያንን የመጀመሪያውን ዜና ይዞ ይሄድና ስጦታውን የፍተሻ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ይገባል።